ትንሽ ዝርያ ቡችላ በጆሃንስበርግ፦ ከመግዛት በፊት እስከ መጀመሪያዎቹ የሥልጠና ወራት

በጆሃንስበርግ መሀል ከተማ፣ ቀድሞ ጄፒ ይባል በነበረውና ዛሬ ራሂማ ሙሳ የሚል ስያሜ በያዘው ጎዳና አካባቢ ኑሯቸውን የመሠረቱ ኢትዮጵያውያን ቁጥራቸው ጥቂት አይደለም። በአገር ቤት ለአብዛኞቻችን ውሻ ማለት በር ላይ የሚያድር፣ ሌሊት የሚጮኽ፣ ቀን ታስሮ የሚውልና ወደ ቤት እግሩን እንዳያስገባ የሚከለከል የግቢ ዘብ ነው። እዚያ ተወልደው የሚያድጉ ልጆች ግን በጓደኞቻቸው ቤት የሚያዩት ውሻ ሶፋ ላይ የሚተኛ፣ ከአንድ አራስ ሕፃን የማይከብድ ማልቲዝ ወይም ዮርክሻየር ቴሪየር ነው። ስለዚህ ጥያቄው አይቀርም። ወላጅም ወይ ይከለክላል፣ ወይ አንድ ቅዳሜ ቡችላውን ይዞ ይገባል። ያለ ዝግጅት የመጣ ቡችላ ብዙ ጊዜ ለልጆቹ ሐዘን ይሆናል፤ በዚህች ከተማ ቡችላን በጥቂት ቀናት የሚገድሉ በሽታዎች አሉና። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የታለፈ ትምህርትም በኋላ ለማካካስ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

«ትንሽ ዝርያ» የሚለው ስም ብዙ ጠባዮችን ይሸፍናል። ቺዋዋ ካደገ በኋላ ከሦስት ኪሎ ግራም ብዙም አይዘልም፤ ማልቲዝ ከዚያ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ሁለቱም ከሰው ጋር ለመዋል ተብለው ሲዳቀሉ የኖሩ ናቸው። በደቡብ አፍሪካ በብዛት የሚታየው ጃክ ራስል ግን በእንግሊዝ አገር ቀበሮን ከጉድጓዱ እንዲያስወጣ የተዳቀለ አዳኝ ነው፤ በአንድ ክፍል አፓርታማ ቀኑን ሙሉ ቢዘጋበት በር ይቧጭራል፣ ጫማ ያኝካል። ዳክስሁንድ፣ ያ ረጅም ወገብና አጭር እግር ያለው፣ የአከርካሪ ዲስኩ በቀላሉ ስለሚጎዳ ከሶፋ ላይ እየዘለለ እንዳያድግ ጥንቃቄ ይሻል። የውሻውን መልክ ከመምረጥ በፊት አያቱ ምን ሥራ ይሠራ እንደነበር መጠየቅ ይበጃል። ትናንሾቹ ዝርያዎች ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 15 ዓመት ይኖራሉ፤ ዛሬ አንደኛ ክፍል ያለው ልጅ ቤቱን ለቅቆ ሲወጣ ውሻው ከወላጆቹ ጋር ይቀራል ማለት ነው።

ከዚያ በፊት የአከራይ ጉዳይ አለ። በጋራ ሕንፃ ውስጥ የሚኖር ሰው፣ በደቡብ አፍሪካ አጠራር በሴክሽናል ታይትል ሥር ባለ ቤት፣ እንስሳ ለማስገባት የአስተዳዳሪዎቹን የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ሥራ ላይ የዋለው መደበኛ ደንብ ፈቃዱ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይከለከል ያዝዛል። ተከራይ ደግሞ ከዚህ በተጨማሪ የባለቤቱን እሺታ ይፈልጋል። በቃል የተሰጠ «ምንም አይደል» የመጀመሪያው ጎረቤት ቅሬታ ሲያቀርብ ዋጋ የለውም፤ ልጆች የለመዱትን ቡችላ ከእጃቸው መንጠቅም ቀላል ነገር አይደለም።

የከተማዋ ሰዎች «ሮቦት» በሚሉት የትራፊክ መብራት አጠገብ ቡችላ በካርቶን ይዘው የሚሸጡ ሰዎች ያጋጥማሉ። እነዚህ ቡችሎች ብዙውን ጊዜ ከእናታቸው ያለ ዕድሜያቸው የተለዩ፣ ያልተከተቡ፣ በትል የተጠቁ ናቸው። ቡችላ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ መለየት የለበትም። ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ጠንክሮ ከነከሰ ጨዋታው ይቋረጥበታል፤ የመንጋጋውን ኃይል መቆጣጠር የሚማረው በዚህ መንገድ ነው። በኢንተርኔት ማስታወቂያ ፎቶ ብቻ አሳይቶ ገንዘብ አስቀድሞ የሚጠይቅ ሻጭም ሊታመን አይገባም፤ እናቲቱን ሊያሳይ የማይፈልግ ሰው የሚደብቀው ነገር ይኖረዋል። ኤስፒሲኤ በሚባለው የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር መጠለያዎች ትንንሽ ውሾች፣ አንዳንዴም ቡችሎች ይገኛሉ።

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት እንግባ። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር በሜይን ግዛት በባር ሃርበር ለዓመታት ካካሄዱት ጥናት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ከሦስተኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ቡችላ ዓለምን የሚለማመድበት ልዩ ወቅት መሆኑን አሳይተዋል። በዚህ ወቅት ያየውንና የሰማውን ነገር እንደ ተፈጥሮ ይቀበላል፤ ያላየውን በኋላ ይፈራዋል። ፍርሃት ደግሞ በትንሽ ውሻ ላይ ጩኸትና ንክሻ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ ቡችላው ሰውን፣ ልጅን፣ ጃንጥላን፣ የሚኒባስ ታክሲ ጥሩምባን ቶሎ ማወቅ አለበት።

ችግሩ ይህ ጊዜ ፓርቮ የተባለው ቫይረስ ከሚበረታበት ጊዜ ጋር መግጠሙ ነው። ፓርቮ በ1970ዎቹ መጨረሻ በዓለም ላይ የተዛመተ የአንጀት በሽታ ነው፤ ትውከትና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያስከትላል፤ ያልታከመ ቡችላ በአብዛኛው ይሞታል። ቫይረሱ በአፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል፤ ስለዚህ የታመመ ውሻ ባይታይም መናፈሻው ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ክትባቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተሰጥቶ የማያልቀውም በምክንያት ነው። ቡችላ ከእናቱ የመጀመሪያ ወተት የሚያገኘው መከላከያ ከበሽታው ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን ያው መከላከያ ክትባቱንም ያከሽፈዋል። መከላከያው በየትኛው ሳምንት እንደሚያልቅ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። በመሆኑም ሐኪሞች ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ጀምረው፣ ቢያንስ 16 ሳምንት እስኪሞላው ድረስ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ክትባቱን ይደጋግማሉ። «አንዴ ተከትቧል» ብሎ በመሀል ማቋረጥ ገና ያልተዘጋ በር መተው ነው።

ታዲያ 16 ሳምንት እስኪሞላው ቤት ቢቆለፍበት ከበሽታ ይድናል፣ ጠባዩ ግን ይበላሻል። የአሜሪካ የእንስሳት ጠባይ ሐኪሞች ማኅበር ቡችላ የመጀመሪያውን ዙር ክትባት ካገኘ ከሰባት ቀን በኋላ፣ ማለትም ከሰባተኛው ወይም ከስምንተኛው ሳምንት ጀምሮ፣ በጥንቃቄ ከሌሎች ጋር መተዋወቅ እንዲጀምር ይመክራል። በዚህ ረገድ ትንሽ ዝርያ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ቡችላውን በእቅፉ ይዞ፣ ቢፈልግ በነጠላ ጠቅልሎ፣ መሬት ሳያስነካው ገበያውንና መንገዱን ሊያሳየው ይችላል። በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል። የተከተበ ጤነኛ ውሻ ያለው ወዳጅ ካለ ቤቱ ሄዶ ማጫወትም መልካም ነው።

በቤት ውስጥ የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። ጆሃንስበርግ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ አብዛኞቹ ቤቶችም ማሞቂያ የላቸውም። ሁለት ኪሎ የማይሞላ ቡችላ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውኃ ላስቲክ አጠገቡ ማስቀመጥ ይረዳል። ጉበቱ የሚያከማቸው ስኳር ጥቂት በመሆኑም በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ መመገብ አለበት። ከተንቀጠቀጠ፣ ከተንገዳገደ፣ ፈዞ ከተኛ የደም ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ማር ድዱ ላይ አሽቶ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

ለኢትዮጵያዊ ቤት ግን ከሁሉ የሚያሰጋው ወጡ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ፤ መብሰላቸው ጉዳቱን አያስቀረውም። ለትልቅ ውሻ የማይሰማው መጠን ለትንሹ ይበዛበታል። ጾም በተፈታ ማግስት ከዶሮ ወጥ ላይ የተረፈውን «ምን አለበት» ብሎ ማቅረብ ሦስት አደጋ በአንድ ሳሕን ነው፦ ሽንኩርቱ፣ ቆሽትን የሚያቆስለው የቅቤ ብዛት፣ ተሰንጥቆ አንጀት የሚወጋው የበሰለ አጥንት። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ፣ እንዲሁም ስኳር በሌለው ማስቲካ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል መርዝ ናቸው። እንግዳ ሁሉ ይህን ሊያውቅ አይችልምና በመስተንግዶ ቀን ቡችላውን ሌላ ክፍል ማቆየት ይሻላል።

ሥልጠናው የሚጀምረው ከመጀመሪያዋ ሰዓት ነው። የሁለት ወር ቡችላ ሽንቱን ቢበዛ ሦስት ሰዓት ያህል ይቋጥራል፤ ትንሽ ዝርያ ከዚያም ያነሰ። ከእንቅልፍ ሲነሳ፣ ከበላ በኋላ፣ ከተጫወተ በኋላ ወደ ተወሰነለት ቦታ ማድረስ፣ እዚያ ሲሸና በዚያችው ቅጽበት ማመስገንና ቁራሽ መስጠት ነው። ዘግይቶ የመጣ ሽልማት ከድርጊቱ ጋር አይያያዝለትም። ቅጣትም እንዲሁ ነው፤ ከሥራ የተመለሰ ሰው ጠዋት በተበላሸ ምንጣፍ ላይ የውሻውን አፍንጫ ቢያሽ፣ ውሻው የሚማረው የሰው መመለስ አስፈሪ መሆኑን ብቻ ነው። አሞኒያ ባለበት ማጽጃ ማጠብም አይገባም፤ ሽታው ሽንት ስለሚመስለው ያንኑ ቦታ ይመርጣል።

ትእዛዝ በአማርኛ ቢሰጥ ምንም ችግር የለውም፤ ሁሉም የቤቱ ሰው አንድ ቃል መጠቀሙ ግን ግድ ነው። አባት «ተቀመጥ»፣ ልጅ «ሲት»፣ ጎረቤት በዙሉኛ ሌላ ነገር የሚሉት ውሻ ሦስቱንም ችላ ይላል። ሴት ቡችላ ከሆነችም «ነይ» ወይም «ና» ከሚሉት አንዱን መርጦ መጽናት ነው፤ ሰዋስው አትጠይቅም። በአንድ ጊዜ ሦስት ወይም አምስት ደቂቃ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ በቂ ነው። ከአንገት ማሰሪያ ይልቅ ደረት ላይ የሚታሰር ይመረጥ፤ የዮርክሻየርና የመሰሎቹ የአየር ቧንቧ ደካማ ነውና። ብቻውን መሆንንም ከአንድ ደቂቃ ጀምሮ ቀስ በቀስ ማስለመድ ይገባል፤ ሱቅ የሚውሉ ቤተሰቦች ይህን ከረሱ ውሻው ሲጮኽ ይውላል።

ትንሽ ውሻ ሲያጉረመርም ሰው ይስቃል። በቪየና ከአንድ ሺህ በላይ የውሻ ባለቤቶች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት፣ የትንንሽ ውሾች ባለቤቶች ወጥነት የሚጎድላቸው፣ ከውሾቻቸውም ጋር አብረው የሚለማመዱት ጥቂት መሆኑን፣ ውሾቹም ይበልጥ የማይታዘዙና ቁጡ ሆነው መገኘታቸውን አመልክቷል። በትልቅ ውሻ ላይ የማይፈቀደው በትንሹም ላይ አይፈቀድ። ቡችላው እጅ ሲነክስ ጨዋታውን አቁሞ ለጥቂት ሰከንድ ፊት መንሳት፣ ከዚያም የሚያኝከው ዕቃ መስጠት ያስተምረዋል፤ መምታት አያስተምረውም።

የከተማዋ የራሷ አደጋዎች ደግሞ አሉ። በመዥገር የሚተላለፈው ባቤሲያ፣ በአካባቢው አጠራር ቢሊያሪ፣ በተለይ በበጋ ብዙ ውሾችን ይጥላል። ድዱ ከነጣ፣ ምግብ ከተወ፣ ሽንቱ ከጠቆረ ነገ የሚባል ቀጠሮ የለም። መዥገር መከላከያው ለክብደቱ ተለክቶ የተሠራ ይሁን፤ የትልቅ ውሻ መድኃኒት ከፍሎ መስጠት ያመርዛል። በመንገድ ዳር የሚሸጥ ስያሜ የሌለው የአይጥ መርዝም ወደ ቤት መግባት የለበትም። ከ2012 ጀምሮ የታገደው አልዲካርብ ዛሬም በስውር ይሸጣል፤ ሌቦች በሥጋ ውስጥ አድርገው በአጥር ይወረውሩታል። ለልጅም ለውሻም ጥቂቱ ይበቃል። ስለዚህ ቡችላውን ሳይፈቀድለት ከመሬት እንዳያነሳ «ተው» ማስተማር ከመቀመጥ ትእዛዝ የሚቀድም ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በደቡብ አፍሪካ ሕግ ግዴታ ነው፤ በሦስት ወር ዕድሜ ይሰጣል፣ በዓመቱ ውስጥ ይደገማል፣ ከዚያም በየሦስት ዓመቱ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በሽታው በጆሃንስበርግ ውስጥ ተነሥቶ እንደነበር ሊዘነጋ አይገባም። ማንኛውም ያልታወቀ ውሻ ልጅን ከነከሰ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መድረስ ያስፈልጋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሕይወት የሚያተርፍ ሕክምና የለምና።

የበጋው ነጎድጓድና የዘመን መለወጫው ርችት ውሾችን አስደንግጠው ከቤት ያስወጣሉ። ታኅሣሥ 31 ሌሊት መስኮትና መጋረጃ ተዘግቶ፣ ራዲዮ ተከፍቶ፣ ቡችላው ከሰው ጋር ይደር። ከቆዳው ሥር የሚቀበረው ማይክሮቺፕ የሩዝ ፍሬ ያህል ነው፤ ከጠፋ ሐኪሙ አንብቦ ባለቤቱን ይጠራል። የስልክ ቁጥር በለወጡ ቁጥር ግን በመዝገቡም ላይ ማስለወጥ ያሻል።