ማታ መንገድ ዳር በልታችሁ ሆዳችሁ ከታመመ፣ መጀመሪያ ሰዓቱን ቁጠሩ

ዛሬ የምናወራው ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ ነገር ነው፦ ማታ መንገድ ዳር ስለሚበላ ምግብ።

ፈረንጆች ማታ ሲያመሹ ሆት ዶግ ይበላሉ። የእኛው ሆት ዶግ እርጥብ ነው። ዳቦው ተሰንጥቆ የድንች ጥብስ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ አንዳንዴም እንቁላል ይገባበታል፣ ከላይ ካቻፕና ማዮኔዝ ይፈስበታል። እርጥብ በሌለበት ደግሞ ሳምቡሳ፣ ቅቅል እንቁላልና ጥብስ አለ። ይፋግን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ድሮም የገበያ ከተማ ናት፣ ዛሬም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ያልፍባታል። እንዲህ ባለ ከተማ የመሸበት ሹፌር፣ ተማሪ፣ የቀን ሠራተኛ ራቱን የሚበላው ከእነዚህ እናቶችና ልጆች እጅ ነው።

ስለዚህ እኔ «የመንገድ ዳር ምግብ አትብሉ» የምል ሐኪም አይደለሁም። ዓይናችሁ እያየ ከሚንተከተክ ዘይት የወጣ ድንች፣ ከጠዋት ጀምሮ ተሠርቶ ከቆየ የምግብ ቤት ወጥ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው «የት በላሁ?» ብቻ አይደለም። «ከተሠራ ስንት ሰዓት ቆየ?» የሚለው ይበልጣል። ሆዳችሁ ከታመመ ደግሞ «ከበላሁ ስንት ሰዓት በኋላ ጀመረኝ?» በሉ። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ምን እንደነካችሁና ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ብዙ ይናገራል።

በተረኛነት የምሰማቸውን ታሪኮች በሦስት ከፍዬ ላስረዳችሁ። ታሪኮቹ የብዙ ሰዎች ድምር ናቸው፤ የአንድ ሰው አይደሉም።

1. «ማታ 3 ሰዓት በላሁ፣ 6 ሰዓት ሳይሞላ ማስመለስ ጀመርኩ»

ከ30 ደቂቃ እስከ 6 ወይም 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ኃይለኛ ማስመለስ ከጀመረ፣ አብዛኛውን ጊዜ የበላችሁት ባክቴሪያው ቀድሞ ምግቡ ውስጥ የሠራውን መርዝ ነው። ዋናው ተጠርጣሪ ስታፊሎኮከስ ነው። ይህ ባክቴሪያ በሰው አፍንጫ፣ ቆዳና ቁስል ላይ ይኖራል። ጣቱ ላይ ቁስል ያለበት ሰው እንቁላሉን ልጦ ወይም ሰላጣውን ከትፎ ካስቀመጠው፣ ባክቴሪያው በሰዓታት ውስጥ ይራባል። የሚያስቸግረው ነገር መርዙ በሙቀት አይጠፋም። ምግቡን መልሶ ማሞቅ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ መርዙ ግን ይቀራል።

ሌላው ባሲለስ ሴሪየስ ይባላል፤ የተቀቀለ ሩዝና ፓስታ ይወዳል። ፎገራ የሩዝ አገር ስለሆነ ይህ ለአካባቢያችን ሰው ይጠቅማል። ቀን የተቀቀለ ሩዝ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ውሎ ማታ ቢሞቅም አይታመንም።

እዚህ ላይ አንቲባዮቲክ ምንም አይሠራም፤ የሚገደል ነገር የለም፣ ያለው መርዝ ነው። በአብዛኛው በአንድ ቀን ውስጥ ይለቃችኋል። የሚያስፈልጋችሁ ፈሳሽ ነው።

2. «ትናንት ማታ በላሁ፣ ዛሬ ከሰዓት ቁርጠት፣ ተቅማጥና ትኩሳት ያዘኝ»

ከ6 ሰዓት በኋላ እስከ 3 ቀን ድረስ የሚጀምረው በአብዛኛው ባክቴሪያው ራሱ አንጀታችሁ ውስጥ ገብቶ ሲራባ ነው። ሳልሞኔላ የሚታወቀው በእንቁላልና በዶሮ ነው። በጥሬ እንቁላል ቤት ውስጥ የተሠራ ማዮኔዝ ጠረጴዛ ላይ ካመሸ ጥሩ መራቢያ ነው። በትልቅ ድስት ተሠርቶ ቀስ እያለ የቀዘቀዘ የሥጋ ወጥም ተቅማጥና ቁርጠት ያመጣል።

ይህም ቢሆን ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀን በራሱ ይሻላል። ነገር ግን ሰገራው ደም ካለበት ወይም ትኩሳቱ ከፍተኛ ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ፋርማሲ ሄዳችሁ «ሲፕሮ ስጡኝ» አትበሉ። ደም ካለ ደግሞ ተቅማጥ የሚያቆም ክኒን አትዋጡ።

3. «ትናንት እርጥብ በልቼ ዛሬ ታይፎይድ ያዘኝ»

ይህን በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። ወዳጆቼ፣ ታይፎይድ በአንድ ሌሊት አይጀምርም። ጀርሙ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይፈጃል። ዓይን ቢጫ የሚያደርገው ሄፓታይተስ ኤ ደግሞ ከ15 እስከ 50 ቀን ይቆያል። ሁለቱም ከምግብና ከውኃ ይመጣሉ፣ ግን ጥፋተኛዋ የትናንቷ ሻጭ አይደለችም።

ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ «ታይፎይድ አለብህ» ለማለት አያስተማምንም። ድሮ የታመመ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ላይም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል።

ይህ ለምን ያሳስበኛል? ትኩሳትን ሁሉ «የምግብ ነው፣ ታይፎይድ ነው» ብለን ስናልፈው ሌላ በሽታ ስለሚያመልጠን ነው። ከምግቡ በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ የወባ ምርመራ አድርጉ። ሊቦ ከምከም ውስጥ በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) የካላዛር ወረርሽኝ መሆኑ የታወቀው በሽታ መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ እንጂ በምግብ አይተላለፍም። ከ2 ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስና በግራ ጎን በኩል የሆድ ማበጥ ካለ፣ በተለይ ሊቦ ከምከምና ፎገራ የኖራችሁ ወይም ለሥራ የሄዳችሁ ከሆነ፣ «ካላዛርም ይታይልኝ» በሉ። ሳይታከም ከቀረ ይገድላል።

ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?

ኦ.አር.ኤስ. ግዙ፤ ርካሽ ነው። አንዱን ፓኬት ማሸጊያው ላይ በተጻፈው የውኃ መጠን (ብዙውን ጊዜ 1 ሊትር) በጥብጡት። መጠኑን አትቀይሩ። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ፤ ማንኪያው ልክ እንጂ ቁልል አይሁን። የሚያስመልሳችሁ ከሆነ በአንዴ አትጠጡ፤ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀስ እያላችሁ ፉት በሉ። ሕፃን የሚጠባ ከሆነ ጡት አይቁም። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ዚንክም ስለሚሰጥ ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

ውኃ ስታፈሉ አንድ ነገር አስታውሱ። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጀርም ለመግደል በቂ ነው፣ ግን እንደፈላ ወዲያው አታውርዱት፤ 3 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ቅቅል እንቁላልም ደጋ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ አስኳሉ እስኪጠነክር ይቀቀል።

ሳትቆዩ ወደ ጤና ተቋም የምትሄዱት መቼ ነው?

• ሽንት ሲጠፋ ወይም በጣም ሲጠቁር፣ ስትነሱ ሲያዞራችሁ
• የጠጣችሁት ሁሉ ሲመለስ
• ደም ስታስመልሱ፣ ሰገራው ደም ሲኖረው ወይም እንደ ሬንጅ ሲጠቁር (በተለይ አልኮል ጠጥታችሁ ከነበረ)
• ተቅማጡ እንደ ሩዝ ውኃ ሆኖ በብዛት ሲወርድ፤ ኮሌራ ሊሆን ስለሚችል ሰዓታት ዋጋ አላቸው
• ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ አዛውንት፣ ስኳር ወይም ሌላ የቆየ ሕመም ያለበት ሰው ሲሆን

ገዝታችሁ ስትበሉስ ምን ትመለከታላችሁ?

• ብር የምትቀበለውና ምግብ የምትነካው አንድ እጅ ነው? ሁለት ሰው ወይም መቆንጠጫ ካለ ጥሩ ነው።
• «የኔ እናት፣ አዲስ ጥበሺልኝ» በሉ። ትንሽ መጠበቅ ሌሊቱን ሽንት ቤት ከማደር ይሻላል። ለብ ያለ ሳይሆን የሚያቃጥል ይሁን።
• የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቀመጥ። ጀርም በደንብ የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው።
• እንቁላል ከነቅርፊቱ ግዙና ራሳችሁ ላጡ።
• ጥርጣሬ ካላችሁ ጥሬ ሰላጣውንና ማዮኔዙን አስቀሩ። እርጥብ ያለ ማዮኔዝም ይጣፍጣል!
• የጠቆረ፣ የሚያጨስና የሚሸት ዘይት ካያችሁ እለፉ።

ለሻጮችም አንድ ቃል፦ ሳሙናና ውኃ ያለበት ጀሪካን አጠገባችሁ ይኑር፣ ጣታችሁ ከቆሰለ በፕላስተር ሸፍኑና ጓንት አድርጉ፣ ተቅማጥ ካለባችሁ ያን ቀን አትሽጡ። ደንበኛ ይህን ካየ ነገም ይመለሳል።

በሚቀጥለው ጊዜ ሆዳችሁ ከታመመ ስልካችሁ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምን በላሁ፣ ስንት ሰዓት በላሁ፣ ስንት ሰዓት ጀመረኝ። ሐኪማችሁ ፊት ስትቀርቡ ያንን አሳዩ። ከብዙ ምርመራ በላይ ይረዳናል።

ማታ ማታ ውጭ ለሚበላ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት። ጤና ይብዛላችሁ!