የሣር ቃጠሎና የጎረቤት አገሮች የሚቴን ሒሳብ

ከቁስቋም ተነሥቶ በጭልጋ በኩል ወደ መተማ የሚወርድ ሰው፣ ደጋው አልቆ ቆላው ሲጀምር ሣሩም አብሮ እንደሚለወጥ ያያል። በደጋ ሣሩ በከብት ይጋጣል ወይም ታጭዶ ይከመራል፤ ለእሳት የሚተርፈው ጥቂት ነው። በቆላ ግን በክረምት የበቀለው ረጅም ሣር ከኅዳር ወዲህ ደርቆ ይቆማል። ከብት አርቢው አዲስ ቡቃያ እንዲወጣለት፣ ማር ቆራጩ ንቡን ለማባረር፣ አራሹም ማሳ ለመመንጠር እሳት ይለቅበታል።

ከጭሱ ጋራ ሚቴን የሚባል፣ በዓይን የማይታይ ጋዝ ይወጣል። በመቶ ዓመት ሒሳብ አንድ ኪሎ ሚቴን ምድርን በማሞቅ ረገድ ከ27 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋራ ይተካከላል። ከቃጠሎው የወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚቀጥለው ክረምት ሣር መልሶ ይስበዋል፤ ሚቴኑን ግን አይስበውም። አገሮች ሚቴኑን ለይተው የሚቈጥሩት ስለዚህ ነው።

አቈጣጠሩም ከባድ አይደለም። የነደደው ደረቅ ሣር በኪሎ ይገመትና ለእያንዳንዱ ኪሎ 2.3 ግራም ሚቴን ይታሰባል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ የተሰጠው ልክ ነው። እንግዲህ 40 ኩንታል ሣር የነደደበት ሄክታር 9 ኪሎ ከ200 ግራም ሚቴን ሰጠ ማለት ነው።

ኢትዮጵያን ከጎረቤቶቿ ጋራ ብናስተያይ ከሁሉ የሚልቀው በ2003 ዓ.ም. ነጻ የወጣው ደቡብ ሱዳን ነው፤ ሰፊው ሜዳው በየበጋው ሲነድ ከሳተላይት ይታያል። በእኛም አገር እሳቱ የሚበዛው ወደዚያው በሚያዋስነው በምዕራቡ ቆላ ነው። በሶማሊያና በጅቡቲ ግን የሚነድ ሣር ጥቂት ስለሆነ ቃጠሎውም እምብዛም ነው። ታዲያ የአገሩን ድምር ብቻ አይቶ አንዱን ጥፋተኛ፣ ሌላውን ጠንቃቃ ማለት አይገባም። በቋራ በኩል ያለው የአላጥሽ ፓርክና በሱዳን በኩል ያለው የዲንደር ፓርክ ጎን ለጎን ናቸው፤ ወሰኑ ለሁለት ከፈላቸው እንጂ ሣሩ አንድ ነው፤ እሳትም ኬላ አይጠብቅም።

የአነዳዱ ዓይነትም ሒሳቡን ይለውጣል። በነበልባል ፈጥኖ የሚነድ ደረቅ ሣር የሚሰጠው ሚቴን አነስተኛ ነው፤ ርጥብ ሆኖ ወይም ከሥሩ እየጤሰ የሚከስል ግን ከኪሎው ብዙ ይሰጣል። በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ፓርክ ጓሳውንና አስታውን የበላው ዓይነት እሳት ከነበልባሉ በኋላም መጤሱን የሚቀጥል ነው።

አሁን ገበሬው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ያው መመሪያ ለአንድ የአፍሪካ በሬ በዓመት 31 ኪሎ ሚቴን ይገምታል። ይህን ያህል ሚቴን በእሳት ለማውጣት 135 ኩንታል ያህል ሣር ማቃጠል ያስፈልጋል፤ በሬው ግን በዓመት የሚበላው ከ25 ኩንታል ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ስለ ሚቴን ብቻ ብለህ አታቃጥል የሚል መካሪ ሒሳቡን ደኅና አላሰበም። ነገር ግን በሬው ያርሳል፣ ላሚቱ ትታለባለች፣ ፍጉም ለማሳ ይሆናል፤ ከእሳቱ የሚቀረው ግን ነፋስ የሚወስደው አመድ ነው። የየካቲትና የመጋቢት መኖ ያጠረው ሰው የጎደለው ያ የነደደው ሣር ነው።

ስለሆነም ሣሩ ማበብ ሲጀምር፣ ግንዱ ሳይደርቅ፣ ማጨድ፤ በፀሐይ አገላብጦ ማድረቅ፤ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ መከመር ይገባል። በክምሩም ዙሪያ ከሣር የጸዳ ሰፊ መሬት ይተው። ማሳ ለመመንጠር እሳት የግድ ከሆነ፣ ጎረቤትን አስጠርቶ፣ ነፋስ በሌለበት በማለዳ፣ ሣሩ ጠል ከተወው በኋላ ይለኮስ፤ ፍሙም እስኪጠፋ ድረስ ጠባቂ አይለየው።