የሽቦ ጥምጠማና ቆጠራ

ብዙ ሰው ኮረንቲ የሚወለደው በትልቅ ፋብሪካ ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ማግኔት ማለት ብረት የሚስብ ብረት ነው፤ በሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ጀርባ ይገኛል። ማግኔት በጥቅል ሽቦ አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኮረንቲ ይፈጠራል። ይህን እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1831 አገኘ። በአገራችንም በምኒልክ ዘመን፣ በ1904 ዓ.ም. ገደማ፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ በውኃ ኃይል የሚሠራ የኮረንቲ ጣቢያ ተተከለ። ከአቃቂ ወንዞች አንዱ፣ ትንሹ አቃቂ፣ በቡራዩ በኩል ከገፈርሳ የሚወርደው ነው።

የብስክሌት ዲናሞ አይታችኋል? ጎማው ሲዞር መብራቱ ይበራል፤ ሲቆም ይጠፋል። በውስጧ ያሉት ማግኔትና ጥቅል ሽቦ ናቸው። በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ በጅረት አጠገብ የሚኖር ሰውም ትንሽ ጄኔሬተር ልሥራ ቢል፣ ትልቁ ሥራ ጥቅሉ ነው።

1. ሽቦው ቫርኒሽ የተቀባ መዳብ ይሁን። የተቃጠለ የወፍጮ ሞተር የሚጠመጥሙ ባለሙያዎች ያውቁታል። ቫርኒሹ ኮረንቲው ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው እንዳያቋርጥ ይከለክላል። ከተላጠ ጥቅሉ ይግላል፤ ይበላሻል።

2. በትንሽ እንጨት ላይ ጠምጥሙ። ሽቦው እንዳይሾልክ በግራና በቀኝ ሰፋ ያለ ጣውላ ግጠሙ። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ አዙሩ።

3. ዙሩን ቁጠሩ። በየ10 ዙሩ በደብተር ላይ አንድ ጭረት አድርጉ። በልብ የተያዘ ቁጥር ሰው ሲጠራችሁ ይጠፋል። የመዳብ ሽቦ ደግሞ ውድ ነው።

4. ሁለቱን ጫፎች አስረዝማችሁ ተዉ። ከጫፉ ላይ ብቻ ቫርኒሹን ፋቁ። መጀመሪያውንና መጨረሻውን ለዩ፤ ምልክት አድርጉበት።

ቁጥሩ ለምን ያስፈልጋል? የኮረንቲ ግፊት በቮልት ይለካል። 50 ዙር 1 ቮልት ቢሰጥ፣ በዚያው ፍጥነት 100 ዙር 2 ቮልት ይሰጣል። እያንዳንዳቸው 2 ቮልት የሚሰጡ 6 ጥቅሎች በትክክል ሲቀጣጠሉ 12 ቮልት ይሆናል። ከስድስቱ አንዱ ተገልብጦ ቢቀጠል ግን የሌሎቹን ይቀንሳል፤ 8 ቮልት ብቻ ይቀራል። ይህ ሲያጋጥም ጥቅሉን መፍታት አያስፈልግም፤ የዚያን ጥቅል ሁለት ጫፎች ማለዋወጥ ይበቃል።

ፍጥነትም አለ። በክረምት ጅረቱ ሞልቶ መንኰራኩሩን ያፈጥናል፤ ግፊቱ ይጨምራል። በበጋ ውኃው ሲያንስ አምፖሉም ይደክማል። ስለዚህ ዙሩን በበጋው ፍጥነት አስቡ፤ በክረምት ግን አምፖሉ እንዳይቃጠል ወደ መንኰራኩሩ የሚሄደውን ውኃ ቀንሱ።

ተጠንቀቁ! ጄኔሬተራችሁን ከመብራት ኃይል መስመር ጋር በጭራሽ አታገናኙ። የመስመሩ ኮረንቲ ሰው ይገድላል።

ጥያቄዎች

1. ቫርኒሹ ቢላጥ ምን ይደርሳል?
2. 50 ዙር 1 ቮልት ቢሰጥ፣ 150 ዙር ስንት ይሰጣል?
3. በደብተራችሁ ላይ 12 ጭረት ብታገኙ ስንት ዙር ጠምጥማችኋል?