የኪቦርድ ቁልፎችን በስሌትና በተጠቃሚዎች አስተያየት ስለ ማሻሻል

አንድ መሣሪያ ለሰው እጅ የተመቸ መሆኑ በምን ይታወቃል? አንዳንዱ «በስሌት ነው» ሲል፥ ሌላው «የሚሠራበትን ሰው ጠይቅ» ይላል። ሁለቱ ካልተባበሩ ሥራው ጎደሎ መሆኑን በአማርኛ ኪቦርድ ምሳሌነት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

እንደሚታወቀው 33ቱ ፊደሎቻችን በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። የኪቦርድ ቁልፎች ግን ይህን ያህል አይደሉም። ስለዚህ አንዳንዱን ፊደል በአንድ ምት፥ ሌላውን በሁለት ምት መጻፍ ግድ ነው። በአንድ ምት የሚጻፈው የትኛው ይሁን?

ሁለት ደንቦችን እናወዳድር። በመጀመሪያው ግእዙ (እንደ መ)፥ በሁለተኛው ሳድሱ (እንደ ም) በአንድ ምት ይጻፍ፤ የቀሩት ሁሉ በሁለት ምት ይጻፉ። «መምህር» በመጀመሪያው ደንብ 7 ምት፥ በሁለተኛው 5 ምት ይፈልጋል። «ተማሪ» ግን በመጀመሪያው 5፥ በሁለተኛው 6 ነው። እንግዲህ በሁለት ቃላት ብቻ መፍረድ አይቻልም። ኮምፒዩተር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ እጅግ ብዙ ጽሑፍ በአጭር ጊዜ ይቈጥራልና። በአማርኛ ሳድስ ስለሚበዛ ሁለተኛው ደንብ ምት ይቈጥባል።

ቀጥሎ የሚመጣው የቁልፎቹ ቦታ ነው። 3 ፊደላት በ3 ቁልፎች ላይ በ6 ዓይነት፥ 4ቱ በ24፥ 5ቱ በ120 ዓይነት ይደረደራሉ። የ33ቱ አደራደር ብዛት ግን 37 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው! ኮምፒዩተርም ይህን ሁሉ ሊሞክር አይችልም። ስለዚህ ከአንዱ አደራደር ተነሥቶ ሁለት ፊደላትን ያለዋውጣል፤ የጣት ድካም ከቀነሰ ይይዘዋል፥ ካልቀነሰ ይመልሰዋል። ኮረብታ ላይ ወጥቶ ተራራ የያዘ እንዳይመስለውም፥ አልፎ አልፎ የባሰውን ለጊዜው ይቀበላል።

ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር የሚያሻሽለው የነገሩትን ብቻ ነው። ፈረንሳዮች አዲሱን የኪቦርድ ደረጃቸውን ሲያዘጋጁ በስሌት ከተገኘው አደራደር በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 የሕዝብን አስተያየት ጠየቁ፤ አስተያየቱን ይዘው አደራደሩን ደግመው አሻሻሉና በ2019 አወጡት። ፍጥነትን ብቻ ሳይሆን የጣትን ምቾትና የሰውን ልማድም መዘኑ፤ ዋናዎቹን ፊደላትም ከለመዱት ቦታ አላነሡም።

ወደ ክልላችን እንመለስ። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን፥ በርታኛና ጉሙዝኛ ግን በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። በአሶሳ በርታኛን በላቲን ፊደል የተማረ ልጅ አማርኛን በላቲን ቁልፎች መጻፍ ይቀለው ይሆናል። የግእዝን ፊደል ብቻ የሚያውቅ አባት ግን ፊደሉን በቁልፉ ላይ ማየት ይሻል። የሁለቱ አማካይ ለሁለቱም ላይመች ይችላል። ያልተጠየቀ ሰው በስሌቱ ውስጥ የለም።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ኪቦርድ የሚሠሩ ሰዎች እስኪመጡልን አንጠብቅ። አንድ አጭር ጽሑፍ ለተማሪ፥ ለመምህርና ለወላጅ ሰጥተን፥ በሁለት ዓይነት ኪቦርድ ያስጻፍናቸው እንደ ሆነ፥ የፈጀባቸውን ደቂቃ፥ የሳቱትን ፊደልና የተሰማቸውን ሁሉ መመዝገብ እንችላለን። እንዲህ ያለው መዝገብ ለሠሪዎቹ ሲደርስ የአሶሳም ድምፅ በስሌቱ ውስጥ ይገባል።