ለአሥራዎቹ ዕድሜ አንባቢ መጽሐፍ መምረጥ

እንደ ጉንደ ወይን ባሉ የወረዳ ከተሞች መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው ከደብተርና ከእስክሪብቶ ጋር ነው። ፊት ለፊት የሚደረደረው ለፈተና የሚያዘጋጅ አጋዥ መጽሐፍ ሲሆን፣ ልብ ወለድና ግለ ታሪክ ካለ ከበስተኋላ ነው። ስለዚህ ለ14 ወይም ለ16 ዓመት ልጅ መጽሐፍ የሚፈልግ ወላጅ ባለሱቁን ጠይቆ ማስወጣት፣ ጊዜ ወስዶም ማገላበጥ ይኖርበታል።

ሽፋኑና የጀርባው ውዳሴ ብዙ አይናገሩም። የመጀመሪያውን ገጽ ማንኛውም ደራሲ ተጨንቆ ይጽፈዋል፤ የሚለየው መካከሉ ነው። መጽሐፉን መሐል ላይ ከፍቶ ሁለት ገጽ ማንበብ ይጠቅማል። ሰዎቹ እንደ ሰው የሚነጋገሩ፣ የሚጣሉ፣ የሚመርጡ ከሆነ ልጁ አይሰለችም። ደራሲው ገጹን በምክር ከሞላው ግን ልጁ መጽሐፉን ሳይጨርስ ያስቀምጠዋል።

አካታችነትም የሚፈተነው እዚያው መሐል ገጽ ላይ ነው። የብዙ ዓይነት ሰው ስም መጥራት ብቻ መጽሐፍን አካታች አያደርገውም። ዋናው ጥያቄ ማን ይናገራል፣ ማንስ ይወስናል የሚለው ነው። ቀጥቃጩ በቡዳነት ብቻ የሚነሳ፣ ዓይነ ስውሩ ሌላው ሰው እንዲመጸውት ብቻ የገባ፣ ልጃገረዷ ለጀግናው ሽልማት ብቻ የሆነች እንደሆነ መጽሐፉ ንቀትን ያስተምራል። የእነዚህ ሰዎች ልጆችም አንባቢዎች መሆናቸው መዘንጋት የለበትም። አሜሪካዊቷ የሥነ ጽሑፍ ምሁር ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ መጽሐፍን በመስታወትና በመስኮት መስለውታል፤ ልጅ ራሱንም ሌላውንም የሚያይበት ነው።

ለቢቸናና ለሞጣ አካባቢ ልጅ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልብ ወለድ ታሪኩ በአብዛኛው የሚፈጸመው በጎጃም ነው፤ የፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሚገኝበት ዲማ ከቢቸና ሩቅ አይደለም። የፊታውራሪው ልጅ ሰብለ ወንጌል ከአባቷ ቤት በራሷ ውሳኔ ወጥታ ፍቅረኛዋን ፍለጋ ትጓዛለች፤ ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት ይነሳሉ፤ እንደ እብድ የሚታየው ጉዱ ካሳ የዘመኑን ሥርዓት ፊት ለፊት ይተቻል። የተናቀው ሰው የሚናገርበት መጽሐፍ ሲፈለግ ከዚህ የሚሻል ጥቂት ነው።

ይሁንና ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ ለ13 ዓመት ጀማሪ ይከብዳል። እንዲህ ላለው ልጅ አጫጭር ጽሑፍ ይቀድማል፤ የማንኩሳ ተወላጁ የበዕውቀቱ ሥዩም ወጎች ትልቅ መጽሐፍ የሚያስፈራውን ልጅ ሊስቡ ይችላሉ። ወጋየሁ ንጋቱ ለሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ በስልክ ሊደመጥ ስለሚችል ማየት ለተሳነው ወይም ንባብ ለሚያስቸግረው ልጅ በር ይከፍታል። ለአንዱ ልጅ መጽሐፍ ሲገዛ ማየት ወይም ማንበብ የሚቸገረውን ልጅ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

ዕድሜን በተመለከተ ዓመቱን ብቻ መቁጠር አይበቃም። ሞት፣ ጦርነት ወይም ያለዕድሜ ጋብቻ በመጽሐፉ መኖሩ መጽሐፉን መጥፎ አያደርገውም፤ እነዚህን ጉዳዮች ብዙዎቹ ልጆች ከጎረቤት ያውቋቸዋል። ሊታይ የሚገባው ጭካኔው ለማስደሰት የተጻፈ መሆን አለመሆኑ ነው።

ከመክፈል በፊት ቅጂውን መፈተሽ ያስፈልጋል። ያለፈቃድ የተባዛ መጽሐፍ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ገጹም ያዘነብላል። በ16 ገጽ እጥፋት የሚጠረዝ መጽሐፍ ሲጎድል በአንድ ጊዜ ብዙ ገጽ ስለሚጎድል የገጽ ቁጥሩን ተከታትሎ ማየት፣ በተለይም መጨረሻውን ማረጋገጥ ይገባል። ገንዘቡ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ ከበቃ የመጨረሻውን ምርጫ ለልጁ ትቶ፣ ጓደኛው ሌላ እንዲገዛና እንዲለዋወጡ ማድረግ ይቻላል።