አረፋው ለምን ይከስማል?

ጥያቄ፦ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የሚኖሩ አንባቢ የጢም መላጫ ሳሙናቸው አረፋው ቶሎ እንደሚከስም፣ ሳሙናውም ቶሎ እንደሚያልቅ ጽፈዋል።

መልስ፦ ጥፋቱ የሳሙናው ላይሆን ይችላል። ከከተማዋ የውሃ ምንጮች አንዱ የሆነው የሳዮቶ ወንዝ የኖራ ድንጋይ ባለበት ምድር ስለሚያልፍ ውሃው ካልሲየምና ማግኒዥየም ይይዛል፤ እነዚህ ከሳሙናው ጋር ተዋህደው አረፋ የማይሰጥ ዝቃጭ ይሆናሉ። ከተማዋ ከ1908 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማዕድኑን በማጣሪያ ጣቢያ ብትቀንስም ጨርሶ አይጠፋም።

ስለዚህ ሳሙናው በዛ ማለት አለበት። ብሩሹን በሞቀ ውሃ ነክሮ ማራገፍ፣ ከዚያ ሳሙናው ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል ማሸት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል! ወፍራም ክሬም ብሩሹን ሳይሸፍን ማቆም የለም። ቀጥሎ ፊት ላይ ውሃ በጠብታ እየጨመሩ ማሸት፤ አረፋው እንደ እርጎ ሲያብረቀርቅ ደርሷል።

ሳሙናው እንዲበረክት በዕቃው ውስጥ የቀረው ውሃ ተደፍቶ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ይድረቅ። ይህ ሁሉ ተደርጎ አረፋው አሁንም ከከሰመ፣ ከሱቅ በተገዛ የተነጠረ ውሃ አንዴ ይሞክሩት፤ አረፋው ሳይከስም ከቆየ ችግሩ የቧንቧው ውሃ ነው።