ከ"አክተሩ" ጀርባ ያለው ሰው

"አክተሩ አይሞትም" የሚለውን አባባል ያልሰማ የዚህ ዲፓርትመንት ተማሪ ይኖራል ብዬ አልገምትም። በየቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ ፊልም ያየ ትውልድ ያቆየልን አባባል ነው። ጥይቱ እንደ በረዶ ቢወርድም፣ መኪናው ገደል ቢገባም አክተሩ አይሞትም። ለምን? ብለን ብንጠይቅ ግን መልሱ አክተሩ ዘንድ አይገኝም። እንዳይሞት የወሰነ ደራሲ፣ ውሳኔውንም በካሜራ የፈጸመ ዳይሬክተር ስላለ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረውም ፊልምንና የቴሌቪዥን ድራማን በእነዚህ ሰዎች በኩል ስናይ ምን እንደምናገኝ ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የጣዕም ነገር ብቻ አይመስለኝም። ለክፍል ሥራ የምንጽፋቸውን የፊልም ሂሶች ልብ ብላችኋል? ታሪኩን እንተርካለን፣ "እገሌ ጥሩ ተውኗል" እንላለን፣ አለቀ። ዜና ያለ ምንጭ ብንጽፍ መምህሩ ቀዩን እስክሪብቶ ያነሳል። ስለ አንድ ዘመንና ስለ አንድ ሕዝብ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲነገረን ግን "ይህን የሚለው ማነው?" ብለን አንጠይቅም።

ጥያቄውን ጮክ ብሎ ካነሱት አንዱ ፈረንሳዊው ፍራንሷ ትሩፎ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1954 "ካዬ ዱ ሲኔማ" በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ የአገሩን ፊልሞች ክፉኛ ተቸ። ዳይሬክተሩ ደራሲዎች በጻፉት ላይ ምስል ብቻ ይለጥፋል፣ የራሱ የሆነ ነገር የለውም ነው ነገሩ። ያኔ ትሩፎ ገና 21 ዓመቱ ነበር (የእኛ እኩያ ማለት ነው!)። ከዚያ ወዲህ "ፊልም የዳይሬክተሩ ድርሰት ነው" የሚለው አስተሳሰብ ተስፋፋ። ተቃዋሚም አላጣም፤ አሜሪካዊቷ ሃያሲ ፖሊን ኬል በ1963 አብጠልጥላዋለች። ክርክሩን እዚህ ትተን ወደ አንድ ሰው እንለፍ።

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ። በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደው መጀመሪያ ቺካጎ ቴአትር፣ ቀጥሎም ሎስ አንጀለስ ፊልም ተማሩ፤ ከዚያም ዋሽንግተን በሚገኘው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን አስተማሩ። ከሥራዎቻቸው መካከል ሦስቱን ብቻ እንውሰድ፤ "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" (1976)፣ "ሳንኮፋ" (1993) እና "ጤዛ" (2008)።

እነዚህን ለየብቻ ያየ ሰው ሦስት የማይገናኙ ታሪኮች ያያል። የመጀመሪያው በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ፣ ለባለርስት የሚያርስ የገበሬ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ሁለተኛው ጋና በሚገኘው የኬፕ ኮስት ምሽግ ፎቶ ልትነሳ የሄደች ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል ወደ ባርነት ዘመን ስትመለስ ያሳያል። ሦስተኛው ጀርመን ተምሮ የመጣ አንበርብር የሚባል ሐኪም በደርግ መጨረሻ ወደ ትውልድ መንደሩ ሲመለስ ነው። አገሩ ሌላ፣ ዘመኑ ሌላ፣ ተዋናዩ ሌላ።

ሦስቱን በተከታታይ ስታዩ ግን አንድ ሰው በየፊልሙ ብቅ ይላል፤ ሌሎች እንደ እብድ የሚያዩት፣ እውነቱን ግን የያዘው ሰው። በ"ምርት" ውስጥ ከበበ አለ፤ መሬቱን የተቀማ፣ በየመንገዱ ብቻውን የሚናገር፣ ባለርስቱን ፊት ለፊት የሚሞግት። በ"ሳንኮፋ" ምሽጉ ላይ ከበሮ የሚመታ ሽማግሌ አለ፤ ቱሪስቶቹን "ይህ የተቀደሰ መሬት ነው" እያለ ሲቆጣ ጠባቂዎች ያባርሩታል። በ"ጤዛ" ደግሞ ያ ሰው ራሱ አክተሩ ሆኗል። አንበርብር ሌሊት እየቃዠ ሲያስቸግር የመንደሩ ሰው መንፈስ ያዘው ብሎ ጠበል ይወስደዋል። ጥግ ላይ የነበረው እብድ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ወደ ታሪኩ መሃል መጣ ማለት ነው። ይህን በአንድ ፊልም ብቻ ልታገኙት አትችሉም፤ ተዋናዩን ብትከተሉም አታገኙትም።

ስለ ርዝመቱም እንዲሁ። "ምርት" ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ብዙ ጓደኞቼ "ይጎተታል" ብለው ግማሽ ላይ ያቆሙታል። ከ1974ቱ የመንግሥት ለውጥ ጋር ገጥሞ፣ ባለሙያ ባልሆኑ ተዋንያን፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው የተቀረጸው። እንግዲህ ቀረጻው እንዲህ ጥድፊያ የበዛበት ከሆነ ምስሉን ያዘገየው አቅም ማነስ አይደለም። በእኔ ግምት ዳይሬክተሩ አራሹ የሚታክተውን ያህል ተመልካቹም እንዲታክተው ፈልገዋል። "ጤዛ" በተቃራኒው የተሰባበረ ነው፤ ልጅነት፣ ጀርመን፣ አዲስ አበባ እየተቀላቀሉ ይመጣሉ። አንዱ የድካም፣ ሌላው የትዝታ ፍጥነት ነው። "ጤዛ" በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ በተካሄደው ፌስፓኮ ትልቁን ሽልማት አግኝቷል።

ደራሲውን ማወቅ ግን ለማድነቅ ብቻ አይደለም፤ ለመጠርጠርም ነው። "ጤዛ" አብዮቱን የሚያይበት ዓይን የተመላሽ ምሁር ዓይን ነው። ጥያቄው "የተማርኩት ለአገሬ ምን ጠቀመ?" የሚል ነው። እዚያው ቆይታ፣ ቀበሌ ተሰልፋ ስኳር የገዛች፣ ልጇን ለዘመቻ የሰጠች እናት ፊልሙን ብትሠራው መሃሉ ላይ የሚቆመው ሌላ ሰው ይሆን ነበር። ይህን ማለት ፊልሙን ማሳነስ አይመስለኝም።

የቴሌቪዥን ነገር ትንሽ ይለያል። ተከታታይ ድራማ ላይ ዳይሬክተሮች በየክፍሉ ሊቀያየሩ ስለሚችሉ ትሩፎ ዝቅ ያደረገው ደራሲ እዚህ አለቃ ይሆናል። ለእኛ ሙያ የሚቀርበው ምሳሌ ከ2002 እስከ 2008 የታየው "ዘ ዋየር" ነው። ፈጣሪው ዴቪድ ሳይመን "ባልቲሞር ሰን" ጋዜጣ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ የወንጀል ዘጋቢ ነበር። ድራማው አንድን ከተማ በየምዕራፉ በሌላ በር ይገባበታል፤ መንገድ ላይ ያለው የዕፅ ንግድ፣ ወደቡ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ መጨረሻም ጋዜጣው። ልክ ቢቱን የሚያውቅ ሪፖርተር እንደሚያደርገው ማለት ነው። በአምስተኛው ምዕራፍ ታሪክ እየፈጠረ የሚጽፍ ጋዜጠኛና እሱን የሚክቡ አለቆች አሉ። ሳይመን ከዚያው ጋዜጣ በ1995 ተከፍቶ እንደወጣ የሚያውቅ ተመልካች ይህን ምዕራፍ ሲያይ ይጠነቀቃል። "ቂሙን እየተወጣ ነው" ያሉ ሃያስያንም ነበሩ። እኔ ግን ምዕራፉን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ቂምም ይኑርበት፣ የዜና ክፍሉ ግን ውሸት አይመስልም።

በዚህ ሴሚስተር ለሂስ የሚሆን ፊልም ለምትመርጡ አንድ ሐሳብ አለኝ። ከፊልሙ በፊት ስም ምረጡ። የዚያን ደራሲ ወይም ዳይሬክተር ሁለት ሦስት ሥራ በወጡበት ቅደም ተከተል እዩ፤ ምን እየተመለሰ እንደሚመጣ፣ ምን እንደተለወጠ ማስታወሻ ያዙ። የአገር ውስጥ ድራማዎቻችን ላይ ይህን መሞከር ትንሽ ያስቸግራል፤ ስሙ ቶሎ ስለሚያልፍ ዩቲዩብ ላይ ከሆነ ማቆሚያውን ተጭኖ ማንበብ ያስፈልጋል።